«ከሠርጌ በፊት ይህን ለማን ላሳይ?»

ውድ አማካሪ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 28 ነው። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ከወንበሬ የምነሣው ለምሳ ብቻ ነው ማለት እችላለሁ። የሚያስጨንቀኝን ነገር በአፌ ለማንም መናገር ስላቃተኝ በጽሑፍ ይሻለኛል ብዬ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ መቀመጫዬ ላይ፣ ዝቅ ብሎም እስከ ጭኔ መነሻ ድረስ ትንንሽ ሽፍታዎች ይወጡብኛል። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ነጭ መግል ይይዛሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በዓይን ብዙም ሳይለዩ በእጅ ሲዳሰሱ ብቻ ይሻክራሉ። ቀን ስቀመጥባቸው ያሙኛል፣ ላብ ሲነካቸው ያሳክኩኛል። ሲድኑ ጥቁር ነጥብ ትተው ስለሚሄዱ አሁን ቆዳዬ ዝንጉርጉር ሆኗል። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ፊቷን የምትቀባውን፣ ከመዋቢያ ሱቅ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ክሬም ሰጠችኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ተአምር ነበር፤ ሁሉም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ግን ባቆምኩ ቁጥር ከበፊቱ በርትቶ ይመለስብኛል። እንዲህ እያልኩ ሦስት ወር ሆነኝ።

እናቴ የሚያሳክከኝን ብቻ ነግሬያት «ፍልውሃ ሄደሽ ተለቃለቂ» ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ደምሽ ቆሽሾ ነው፤ ቅባትና ጣፋጭ ተዪ» ትላለች። ሠርጋችን ከሁለት ወር በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። ሚዜዎቼ ከሠርጉ ሳምንት በፊት ሞሮኮ ባዝ ሊወስዱኝ ቀጠሮ ይዘዋል፤ እኔ ግን በእነርሱ ፊት እንዴት እንደምራቆት ሳስበው እንቅልፍ ያሳጣኛል። ከሁሉም በላይ እጮኛዬን እፈራዋለሁ። ሁለታችንም የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገን ነፃ መሆናችንን አውቀናል፤ ነገር ግን ይህን ሲያይ የአባላዘር በሽታ መስሎት ቢጠረጥረኝስ? አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ የሚያየኝ ወንድ ሐኪም መሆኑን ሳውቅ ካርድ ሳላወጣ ተመለስኩ። ምን ላድርግ? ለእጮኛዬስ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?

ጭንቀት የበዛባት ሙሽራ፣ ከሜክሲኮ


እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሽፍታው ይልቅ የሚያሠቃይሽ ፍርሃቱ መሆኑ ከእያንዳንዱ መስመር ስለሚታይ እኔም ከእርሱ ልጀምር። መቀመጫ ላይ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት መግል የሚቋጥርና ሲድን ጥቁር ነጥብ የሚተው ሽፍታ እጅግ ብዙ ሰው ያለው፣ ግን ሁሉም በልብሱ ሸፍኖ ስለሚኖር ብቸኛው ታማሚ እርሱ የሚመስለው የቆዳ ችግር ነው። ፊት ላይ ቢወጣ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለሰው አማክረሽ፣ ሐኪም ዘንድም ሄደሽ ነበር። እስከ አሁን ያዘገየሽ የወጣበት ቦታ ነው እንጂ የሕመሙ ክብደት አይደለም።

በደብዳቤ ብቻ «ሕመምሽ ይህ ነው» ብዬ ልቆርጥልሽ አልችልም፤ የቆዳ ሕመም በዓይን ታይቶ፣ በእጅ ተዳስሶ ነው የሚለየው። የገለጽሽው ግን ከምንም በላይ የፀጉር ሥር መቆጣትን ይመስላል፤ ሐኪሞች ፎሊኩላይተስ ይሉታል። መላ ሰውነታችን ላይ፣ በዓይን የማይታይ ስስ ፀጉር ባለበትም ጭምር፣ ፀጉር የሚበቅልባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ቆዳው ለረጅም ሰዓት ሲታፈን፣ ሲያልበውና ልብስ ሲፈትገው የቀዳዳዎቹ አፍ ይቆስላል፤ በዚያ በኩል ባክቴሪያ ይገባና ትንሽ መግል ይቋጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው፣ ብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫቸው ውስጥና ቆዳቸው ላይ ያለ ምንም ሕመም ይዘውት የሚኖሩት ባክቴሪያ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መንስኤው ፈንገስ ይሆናል፤ ያኔ ሽፍታው አንድ ዓይነት መጠን ያለው፣ ከማመም ይልቅ የሚያሳክክ ይሆንና የባክቴሪያ መድኃኒት አይመልሰውም። ፊት ላይ ከሚወጣው የወጣትነት ብጉር ጋር መልኩ ቢመሳሰልም የሁለቱ አመጣጥ የተለያየ ስለሆነ፣ ለፊት ብጉር የሚሸጠው ሁሉ ለዚህ ይሆናል ማለት አይደለም።

በእጅ ሲዳሰሱ ብቻ ይሻክራሉ ያልሻቸው ምናልባት ከእነዚህ የተለዩ ናቸው። የቆዳ የላይኛው ሽፋን የፀጉሩን ቀዳዳ ሲደፍነው ጭን፣ ክንድና መቀመጫ ላይ ሻካራ ነጠብጣብ ይፈጠራል፤ ኬራቶሲስ ፒላሪስ ይባላል። በቤተሰብ የሚወረስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጉዳትም የለውም። ዩሪያ ወይም ላክቲክ አሲድ ያለበት ማለስለሻ ክሬም ሻካራነቱን ይቀንሰዋል፤ ቆዳው ሲቆስል ግን ስለሚያቃጥል መግል ያላቸው እስኪድኑ ድረስ ይቆይ። እናትሽን ወይም እህቶችሽን ክንዳቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላቸው ወይ ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ ሳያረጋጋሽ አይቀርም።

አሁን ወደ ክሬሙ እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ተአምር ማሳየቱ፣ ሲያቆሙት በርትቶ መመለሱ፣ ከዚያ ያለ እርሱ መኖር አለመቻልሽ፤ ይህ አካሄድ ብርቱ ስቴሮይድ ያለባቸው ክሬሞች የታወቀ ባሕርይ ነው። በመዋቢያ ሱቆች ተቀላቅለው የሚሸጡና ይዘታቸው ያልተጻፈባቸው ክሬሞች ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታዞል ወይም ቤታሜታዞን ያለ መድኃኒት ይገኝባቸዋል፤ ለማንጫ ተብለው የሚሠሩት ደግሞ ሃይድሮኪኖን፣ አልፎ አልፎም ሜርኩሪ ይጨመርባቸዋል። ስቴሮይድ መቅላቱን፣ ማሳከኩንና እብጠቱን በፍጥነት ያጠፋል፤ ሥሩ ያለውን ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ግን አይገድልም፤ እንዲያውም ቆዳው የሚከላከልበትን ኃይል ስለሚያዳክም በውስጥ እንዲስፋፋ ያግዘዋል። ጭርት ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ክሬም ሲቀባ ክብ ምልክቱ ጠፍቶ፣ ሕመሙ ግን ሰፍቶ ሐኪም እንኳ ለመለየት የሚቸገርበት ጊዜ አለ። መቀመጫ ደግሞ በልብስ ታፍኖ የሚውል ቦታ ስለሆነ ቆዳው መድኃኒቱን ካልታፈነ ቆዳ አብልጦ ይመጥጣል። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፣ ራሱም አዲስ የፀጉር ሥር ብጉር ያስነሣል።

ጓደኛሽ ክሬሙን የሰጠችሽ ስለምትወድሽ ነው፤ አትቀየሚያት። እርሷም ፊቷን እየተቀባችው ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ ብታነብ ደስ ይለኛል። አንቺን የምጠይቅሽ ክሬሙን አቁመሽ፣ ዕቃውን ሳትጥዪ ለሐኪም ማሳያ እንድትይዢው ነው። ስታቆሚው ለተወሰኑ ቀናት፣ ምናልባትም ለሁለት ሦስት ሳምንት ብሶ ሊታይሽ ይችላል። ያን ጊዜ «ያለ እርሱ አይሆንልኝም» ብለሽ እንዳትመለሽ አስቀድመሽ እወቂው። ቀኑም በዚህ ምክንያት ዋጋ አለው፤ ሠርግሽ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ሙሉ የሁዳዴ ጾም ከፊትሽ አለ ማለት ነውና፣ ዛሬ ካቆምሽ ቆዳሽ ከክሬሙ ተላቆ ለመረጋጋት በቂ ጊዜ ያገኛል፤ በሠርጉ ሰሞን ብታቆሚው ግን የሚብስበት ጊዜ ከሠርግሽ ጋር ይገጥማል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው መታየት ነው። ካርድ ሳታወጪ የተመለስሽበትን ቀን እረዳዋለሁ፤ ግን ልጠይቅሽ፣ ያን ቀን ያስፈራሽ ወንድ መሆኑ ብቻ ነበር ወይስ የሚሰጥሽ መልስም ጭምር? የመጀመሪያው ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ካርድ ስታወጪ «የሴት ሐኪም ብትኖር እመርጣለሁ» ማለት ትችያለሽ፤ ይህን የሚጠይቁ ብዙ ሴቶች ስላሉ ማንም አይገረምም። በዚያ ሰዓት ሴት ሐኪም ባትኖር ነርስ አጠገብሽ እንድትቆም መጠየቅ፣ ወይም እህትሽን ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። ስትገቢም ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግሽም፤ «መቀመጫዬ ላይ መግል የሚይዝ ሽፍታ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አለ፤ ሦስት ወር ይህን ክሬም ተቀብቻለሁ» ብለሽ ዕቃውን ማሳየት በቂ ነው። ለሐኪሙ ቆዳ ቆዳ ነው፤ በቀን ውስጥ ስንቱን ያያል። ሁለተኛው ከሆነ፣ ማለትም የሚነገርሽን ከፈራሽ፣ አሁን በሐሳብሽ ውስጥ ያለው በሽታ ሐኪሙ ከሚነግርሽ የበለጠ ከባድ ሊሆን እንደሚችል አስቢ።

በአቅራቢያሽ ካለው ጤና ጣቢያ ብትጀምሪ ለአብዛኛው እንዲህ ያለ ችግር ይበቃል። ካላሻለሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በመጀመሪያ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ የቆዳ ሕመም ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው እርሱ ነው። ሥጋ ደዌ የሚለውን ቃል ሰምተሽ እንዳትደነግጪ፤ ከብጉር እስከ ችፌ ድረስ ማንኛውም የቆዳ ችግር ያለበት ሰው ይታከምበታል።

ሐኪሙ ለባክቴሪያ የሚሆን የሚቀባ መድኃኒት፣ እንደ ክሊንዳማይሲን፣ ሙፒሮሲን ወይም ፊውሲዲክ አሲድ ያለ ሊያዝልሽ ይችላል፤ ከሰፋ ደግሞ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይጨምርበታል። ፈንገስ ነው ካለ መድኃኒቱ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ለዚህ ነው ፋርማሲ ገብተሽ በግምት አንቲባዮቲክ እንድትገዢ የማልመክርሽ። እርግዝና በቅርቡ የምታስቢ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ዶክሲሳይክሊንን የመሳሰሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ሽፍታው ለወራት እየተመላለሰ ስለሆነም የደም ስኳር እንዲለኩልሽ ጠይቂ። በጣት ጫፍ ደም የሚያልቅ አጭር ምርመራ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ሳያውቀው ብጉንጅና ሽፍታ እየደጋገመ ሊወጣበት ይችላልና።

ስለ አባላዘር በሽታ ያነሣሽው ፍርሃት በጥንቃቄ ሊመለስ ይገባዋል። በፀጉር ቀዳዳዎች ላይ ተበታትኖ የሚወጣ፣ መግል የሚይዝና በሳምንት ውስጥ የሚደርቅ ሽፍታ የአባላዘር በሽታ መልክ አይደለም። መቀመጫ ላይ ሊወጣ የሚችለው የብልት ኸርፐስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ የተጠጋጉ፣ ውኃ የቋጠሩ፣ ከመውጣታቸው በፊት የሚያቃጥሉና የሚወጉ ጥቃቅን ፊኛዎች ሆኖ ነው የሚታየው፤ ፈንድተውም ቁስል ይተዋሉ። አንቺ የገለጽሽው ይህን አይመስልም። ሐኪሙ ሲያይሽ በቀጥታ «ይህ የአባላዘር በሽታ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ከእኔ ግምት ይልቅ ከዓይን ምስክር የምታገኚው መልስ ሌሊት ያስተኛሻል።

ማሳከኩ ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶችሽ መካከልና በእጅ አንጓሽም ያለ፣ አብሮሽ የሚተኛውንም የሚያሳክከው ከሆነ ግን እከክ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ በቤት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይታከማል፣ አንሶላና ልብስም በሙቅ ውኃ ይታጠባል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠልቆ የሚያብጥ፣ የሚሞቅና ዕለት በዕለት ሕመሙ የሚጨምር እብጠት፣ ትኩሳት ካለው ደግሞ ይበልጥ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። ጭራ አጥንት አካባቢ፣ በመቀመጫ ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ የሚያብጥና ፈሳሽ የሚወጣው እብጠትም፣ ፊንጢጣ አጠገብ የሚቋጥር መግልም በሐኪም ተከፍቶ የሚጸዳ እንጂ በቅባት የሚድን አይደለም። በብብትና በብሽሽት ጭምር እየተመላለሰ፣ ጠባሳና የቆዳ ሥር መሿለኪያ እየሠራ የሚሄድ ሕመምም አለ። ሂድራዴናይተስ ይባላል፤ ቶሎ ከተያዘ ብዙ ጉዳትን መከላከል ይቻላል። እነዚህን የዘረዘርኩልሽ አለብሽ ብዬ ሳይሆን፣ የማያስፈራውን ከሚያስቸኩለው እንድትለዪ ነው።

ሐኪም እስክትደርሺ ድረስ ቤት ውስጥ ልታደርጊ የምትችዪው አለ። መግል የያዙትንና የሚያሙትን ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ አስቀምጪባቸው፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ቢሆን መልካም ነበር፣ ለሠራተኛ ግን ጠዋትና ማታም ይረዳል። ውኃው የእጅሽ ክርን በምቾት የሚችለው ሙቀት ይሁን፤ ጨርቁም በየጊዜው ይታጠብ። አታፍርጫቸው፤ የተፈረጠ ብጉር መግሉን ወደ ውስጥ ገፍቶ ብጉንጅ ይሆናል፣ የሚተወውም ጥቁረት ይጠነክራል። ከፋርማሲ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት መታጠቢያ ካገኘሽ በቀን አንድ ጊዜ ቀብተሽ፣ ጥቂት ደቂቃ አቆይተሽ በደንብ ታጠቢው፤ ከአምስት በመቶ ያልበለጠውን መርጠሽ፣ ቆዳሽ ከደረቀ አንድ ቀን እየዘለልሽ። ባለቀለም ፎጣና ልብስ እንደሚያነጣ ግን ልብ በዪ። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ለመቀባት የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም፤ ነጭ ሽንኩርት ቆዳን እንደ እሳት ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ሎሚም የቆሰለ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ከቆዳሽ አርቂያቸው።

የእናትሽን ምክር ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍልውሃ ምክንያት ነውና እናቶቻችን ለቆዳና ለቁርጥማት እርሱን ማመናቸው የቆየ ነው። ለብ ያለ ውኃ የተቆጣ ቆዳን ያሳርፋል። ነገር ግን በጣም የሞቀ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍና በሻካራ ነገር መፈተግ የፀጉሩን ቀዳዳ ያቆስላልና፣ ከሄድሽም ውኃው ለብ ያለ ይሁን፣ የራስሽን ፎጣ ያዢ፣ ቦታውን በእጅሽ መዳፍ ብቻ እጠቢው። ስለ ደም መቆሸሽ የተባለው ግን መሠረት የለውም፤ ጾሙን ለነፍስሽ ጹሚ እንጂ ለሽፍታው ብለሽ ራስሽን ከምግብ አታጉድዪ።

የቀን ውሎሽን በተመለከተ ብዙ ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር አለ። የቢሮ ወንበርሽ ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ነው? ከሆነ የጥጥ ጨርቅ አንጥፊበት፣ በየሳምንቱም እጠቢው። በየሰዓቱ ለሁለት ደቂቃ ተነሥተሽ ውኃ ብትቀጂ ወይም ፋይል ብታደርሺ ቆዳሽ ይተነፍሳል። በቀሚስ ሥር ታይት ትለብሻለሽ? የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ እንደሚያስገድድ አውቃለሁ፤ ግን ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ጠባብ ታይት ከጠዋት እስከ ማታ ሲዋል ላቡን አፍኖ ይይዘዋል። ቢሮ ስትደርሺ አውልቀሽ ቦርሳሽ ውስጥ ብትከቺው፣ የውስጥ ሱሪሽም ጥጥ፣ ጠርዙም መቀመጫሽን የማይቆርጥ ቢሆን ብዙ ለውጥ ታያለሽ። በወር አበባ ጊዜ ሞዴስ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ይቀየር፤ እርጥበቱና ፍትጊያው በዚያ ሳምንት ይበረታልና።

የውስጥ ልብስ አጣጠብና አሰቃቀልንም ላንሣ፤ በእኛ ቤት ስለማይወራ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ከጀሪካን እየቆጠብን ስለምናጥብ የዱቄት ሳሙናው ከልብሱ ሳይለቅ ይደርቃል፤ ያ ሳሙና ቀኑን ሙሉ ላብ ሲነካው ቆዳውን ያሳክካል። የውስጥ ልብስ ትንሽ ነውና ሌላው ቢቀር እርሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ይቻላል። ከዚያ ደግሞ የግቢ ሰው እንዳያየው ብለን ከፎጣ ሥር ወይም ከበር ኋላ ደብቀን እንሰቅለዋለን፤ ክረምት ላይ እንደዚያ የተሰቀለ ልብስ እንደረጠበ ይለበሳል። አንቺም የጀመረሽ በክረምት መሆኑን ጽፈሻል፤ ያኔ ልብስሽን የት ነበር የምታሰጪው? ፀሐይ ላይ ስስ ነጠላ ጣል አድርጎ ማስጣት ይቻላል፤ ፀሐይ ሲጠፋም በካውያ በደንብ ማድረቅ።

ጥቁር ነጥቦቹን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ላይጠፉ ይችላሉ። እንደ እኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ማንኛውም ቁስል ሲድን የቆዳው ቀለም ይከማችና ነጥብ ይተዋል፤ እርሱም አዲስ ሽፍታ ካልተተካ በወራት ውስጥ ራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ጠባሳ አይደለም፣ ሕመምም አይደለም። ለማፋጠን ከፈለግሽ ሽፍታው ከቆመ በኋላ አዜላይክ አሲድ ወይም ኒያሲናማይድ ያለበት ቅባት ስለመጠቀም ሐኪሙን አማክሪ፤ ማንጫ ክሬም ግን በሠርግ ጥድፊያ ማንም ቢያመጣልሽ አትቀበዪ። በእነዚህ ሁለት ወራት ልናገኘው የምንችለው ሕመሙና መግሉ እንዲቆም ነው፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

እጮኛሽን ስለ መንገር የጠየቅሽኝን ቆም ብዬ አሰብኩበት። የፀጉር ሥር ሽፍታ እንደ ምስጢር የሚናዘዙት ነገር አይደለም፤ ባትነግሪውም ያታለልሽው የለም። ዝም ብትዪ ግን ፍርሃቱን እስከ ሠርጉ ማታ ብቻሽን ተሸክመሽው ትሄጃለሽ፤ ያን ማታ ደግሞ ከእርሱ ጋር በመደሰት ሳይሆን እንዳያይሽ መብራቱን ለማጥፋት ስትታገዪ ታሳልፊዋለሽ። ከዚህ በፊት ስትታመሚ፣ ሥራ ሲያስጨንቅሽ፣ ከቤተሰብ ጋር ስትጋጪ እንዴት ነበር የተቀበለሽ? በርኅራኄ ከሆነ ለዚህ የተለየ ሰው ይሆናል ብዬ አልጠረጥርም። እኔ ብሆን ሐኪም ካየኝ በኋላ፣ ስሙንና መድኃኒቱን ይዤ፣ እግረ መንገዳችንን እየሄድን ሳለ በአጭሩ «መቀመጫዬ ላይ ሽፍታ ወጥቶብኝ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ የፀጉር ሥር ቁጣ ነው፣ የሚተላለፍ የአባላዘር በሽታ አይደለም ብሎኛል፤ መድኃኒት ጀምሬአለሁ» እለው ነበር። የሕክምና ውጤት ይዘሽ ስትነግሪው ለጥርጣሬ የሚቀር ቦታ ትንሽ ነው። እንዲህ ተነግሮትም የሚያንቋሽሽሽ ቢሆን፣ ያኔ ስለ ሽፍታው ሳይሆን ስለ እርሱ እንደገና ብትጽፊልኝ እወዳለሁ።

ሚዜዎችሽን ማሳመኑ ይቀልላል። ሞሮኮ ባዝ ውስጥ ያለው እንፋሎትና በሻካራ ጓንት የሚደረገው ፍትጊያ መግል የያዘ ቆዳን ያቆስላል፣ ባክቴሪያውንም ወደ ጤነኛው ቆዳ ያሰራጫል፤ ስለዚህ ሽፍታው እያለ አትግቢ። ከሠርጉ በፊት የመቀመጫንና የጭንን ፀጉር በዋክስ ወይም በምላጭ ማስነሣቱም ይቅር፤ አዲስ የሚበቅለው ፀጉር ቆዳው ውስጥ ታጥፎ ሲቀር በሠርግሽ ሳምንት አዲስ ሽፍታ ይዘሽ ትገኛለሽ። ለሚዜዎችሽ «የቆዳ ሕክምና ላይ ስለሆንኩ እንፋሎትና ፍትጊያ ተከልክያለሁ» ብትዪ ሐኪሙ ካየሽ በኋላ ሙሉ እውነት ነው፤ የት ቦታ እንደሆነ ማብራራት አይጠበቅብሽም። ያን ቀን በጋራ ማሳለፍ ከፈለጉ እጅና እግር ላይ ሂና ማስደረግ፣ ፀጉርና ጥፍር መሠራት ይቻላል። ቀጠሮ ይዘው ቀብድ ከፍለው ከሆነም ገንዘቡ ወደ እነዚህ እንዲዛወርላቸው ከወዲሁ ቢጠይቁ ይሻላልና፣ ለአንዷ ሚዜሽ፣ ይበልጥ ለምታምኚያት፣ በዚሁ ሳምንት ደውዪላት።